ለድንገተኛ ተኩስ የሚሰጥ የሲቪሎች ሥልጠና፦ ከሐዋሳ ሲታይ

ሰው በተሰበሰበበት ቦታ አንዱ ድንገት መሣሪያ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ መተኮስ ይጀምራል። ገበያ ማዕከል፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ እምነት ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ተጠርቷል፤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በዚያች ክፍተት የመሣሪያ ፈቃድ ያለው ሲቪል ምን ያድርግ? ይህን የሚያስተምሩ ኮርሶች በብዛት ያሉት አሜሪካ ውስጥ ነው። ሐዋሳ ላይ ሆኖ ሲሰማ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልታችን ድንበር ተሻግሮ ናይሮቢ ይገባል፤ ናይሮቢ ደግሞ ነገሩን አይታዋለች። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሥልጠናው መነሻ ሰዓት ነው። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ከ2000 እስከ 2013 የደረሱ 160 ጥቃቶችን አጥንቷል። ምን ያህል እንደቆዩ በታወቁት 63 ጥቃቶች ውስጥ 44ቱ በ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ አልቀዋል። 23ቱ ደግሞ በ2 ደቂቃ ውስጥ። በ2 ደቂቃ ከአቶቴ ተነስቶ ፒያሳ መድረስ ለባጃጅም ይከብደዋል።

ይህ ቁጥር «እንግዲያው ሁሉም ይታጠቅ» ለሚሉት ጥሩ መከራከሪያ ሆኖላቸዋል። ያው ጥናት ግን ብዙ የማይጠቀስ ሌላ ገጽ አለው። ከ160ው ውስጥ በ21ዱ አጥቂውን ያስቆሙት ባዶ እጃቸውን የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፖሊስ ያልሆኑ ባለመሣሪያዎች ተታኩሰው ያበቁት 5ቱን ብቻ ነው። ከአምስቱም በአራቱ የተኮሱት የጥበቃ ሰዎች ነበሩ። ተራ ባለፈቃድ የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው።

ፖሊስ ራሱ ቶሎ መግባትን የተማረው ዘግይቶ ነው። የቀድሞው ልማድ ዙሪያውን ከቦ ልዩ ኃይል መጠበቅ ነበር። በ1999 ኮሎራዶ ውስጥ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ እንዲገባ ተደረገ። በ2002 ቴክሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለርት የሚባል የፖሊስ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ይኸው ማዕከል ለሲቪሎች የሚያስተምረው በሦስት ቃል ያልቃል፦ ሽሽ፣ ዝጋ፣ ተከላከል። የሂዩስተን ከተማም «ሩጥ፣ ተደበቅ፣ ተፋለም» የሚል ተመሳሳይ ትምህርት አዘጋጅታለች። ልብ በሉ፤ መጀመሪያው እግር ነው፣ ቀጥሎ በር ነው፣ ትግል መጨረሻ ላይ ይመጣል። ባለ ሽጉጡም ከዚህ ቅደም ተከተል ነፃ አይደለም።

መሣሪያ ለያዙ ሰዎች ተብሎ ከተዘጋጁት ኮርሶች የታወቀው የኦሃዮው ፋስተር ነው። የተጀመረው በ2012 መጨረሻ ኮነቲከት በሚገኘው በሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ ነው። ሠልጣኞቹ መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ናቸው። ሦስት ቀን ይፈጃል፤ በሰዓት ሲቆጠር 26 ነው። ኦሃዮ በ2022 ባወጣችው ሕግ ደግሞ መሣሪያ ለሚይዝ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ከ24 ሰዓት ያልበለጠ ሥልጠና በቂ ሆኗል። ቀድሞ ከ700 ሰዓት በላይ ይጠየቅ ነበር። በኔ አስተያየት 24 ሰዓት ዒላማ መምታትን ሊያስተምር ይችላል፤ መቼ አለመተኮስ እንዳለብህ ለማስተማር ግን ያንሳል።

ከባዱ ትምህርትም ይኸው ነው። ጥሩ አሠልጣኞች ሠልጣኙን ቀለም በሚረጭ የልምምድ ጥይት ሕንፃ ውስጥ ያስገቡታል። ጩኸት አለ፣ የሚሮጥ ሰው አለ። ጥግ ላይ ሽጉጥ የያዘ ሰው ይታየዋል። አጥቂው ነው? ሲቪል የለበሰ ፖሊስ ነው? ወይስ እንደሱ ያለ ሌላ ባለፈቃድ? ሰው ሲደነግጥ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ ጆሮውም በቅጡ አይሰማም። ልብ ከበሮ እየመታ ከኋላ ማን እንዳለ ማየት በወረቀት ዒላማ አይለመድም። ሌላው ትምህርት ፖሊስ ሲደርስ መሣሪያውን ማስቀመጥና ባዶ እጅን ማሳየት ነው።

ይህ ሳይሳካ የቀረበት ጊዜ አለ። በ2021 ኮሎራዶ፣ አርቫዳ ውስጥ አንድ አጥቂ ፖሊስ ገደለ፤ አንድ ሲቪል ደግሞ አጥቂውን ተኩሶ ጣለው። ቀጥሎ የደረሰው ፖሊስ ግን ሲቪሉ አጥቂው መስሎት ገደለው። በኅዳር 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥም አጥቂዎችን የተኮሰ አንድ ሲቪል በወታደር ጥይት ሞተ። የቆየም ምሳሌ አለ። በ1966 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግንብ ላይ የወጣውን ተኳሽ ከታች ያሉ ሲቪሎች በጠመንጃ እየተኮሱ አንገቱን አስደፍተውት ነበር፤ በእርግጥም ጠቅሟል። ፖሊሶቹ ግንቡ ላይ ሲደርሱ ግን ያው የሲቪሎች ጥይት ለነሱም ስጋት ሆነ።

የተሳካበትንም መደበቅ አይገባም። በ2019 ዋይት ሴትልመንት፣ ቴክሳስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ምእመናንን የገደለውን ሰው አንድ የበጎ ፈቃድ ጥበቃ በስድስት ሰከንድ ውስጥ ጣለው። ሰውየው ግን እንዲሁ የመጣ አልነበረም፤ ተኩስ የሚያስተምር ነበር። በ2022 ኢንዲያና፣ ግሪንውድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ደግሞ የ22 ዓመት ወጣት በ15 ሰከንድ ውስጥ አጥቂውን አስቆመ። እሱ የፖሊስም የወታደርም ሥልጠና አልነበረውም።

ወደ ናይሮቢ እንምጣ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 አራት የአልሸባብ ታጣቂዎች ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ገብተው 67 ሰው ገደሉ። ቀድመው ወደ ውስጥ ከገቡት ውስጥ የመሣሪያ ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎችና ሲቪል የለበሱ ፖሊሶች ነበሩ፤ ብዙ ሰው አወጡ። ኋላ የገቡት የፖሊስ ልዩ ኃይልና ሠራዊቱ ግን እርስ በርስ ተታኩሰው የፖሊሱ አዛዥ ተገደለ። የሠለጠኑትስ እንዲህ ከሆኑ፣ በግርግር መሀል አንድ ተጨማሪ ሽጉጥ ሲገባ ምን እንደሚፈጠር መገመት ነው።

እኛ ዘንድ ሕጉ ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል። ራስን መከላከልን የሚመለከተው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ነው። ራስን ወይም ሌላውን ለመከላከል የተደረገ ነገር አያስቀጣም፤ ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ከልክ ያለፈውን አንቀጽ 79 ይመለከተዋል። ስለዚህ «ራሴን ነው የተከላከልኩት» ማለት ብቻውን አያድንም።

ሐዋሳ ውስጥ በሥራው ከዚህ ነገር ጋር የሚገናኘው በየሆቴሉ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሸው፣ የመኪና ኮፈን የሚያስከፍተው ጥበቃ ነው። ለሱ የሚጠቅመው የአሜሪካው የተኩስ ክፍል ሳይሆን ሌላው ክፍል ነው፦ የኋላ በሩ ተቆልፎ እንዳይውል ማየት፣ እንግዳውን በየት በኩል እንደሚያስወጣ ማወቅ፣ ማን ለፖሊስ እንደሚደውል አስቀድሞ መነጋገር። በሐይቁ ዳር በበዓል ሰሞን የሚሞላ አዳራሽ መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ ጥበቃው ክላሽ ቢይዝም ብዙ አይረዳም።

ከነዚህ ሥልጠናዎች ሳይለወጥ ሊወሰድ የሚችለው ደም ማስቆም ነው። አሜሪካ በ2015 ይህንን ለተራ ሰው የሚያስተምር ዘመቻ ጀምራለች። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየፈሰሰ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ ቱርኒኬት (ደም እንዳይፈስ አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) ማሰር፣ የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ ሐኪም ሳያይ አለመፍታት። ይህ ለባጃጅና ለሞተር አደጋም ያው ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። የአምቡላንስ ቁጥሩ 907 ነው።