ሾርት ፓክ፦ በካርቶን ውስጥ ቁጥራቸው የሚያንስ አሻንጉሊቶችና የጅማ ገበያ

ሾርት ፓክ የሚባለው በአንድ ካርቶን ከሚታሸጉ የተለያዩ አሻንጉሊቶች መካከል ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር የሚገባው ነው። የሱቅ ዋጋው ከጓደኞቹ አይለይም፤ የሚለየው ካርቶኑ ተከፍቶ ሰብሳቢ እጁን ሲያስገባ ነው። በጅማ ነገሩ ይደራረባል። ካርቶኑ ብዙ ጊዜ ከተማዋ ሳይደርስ አዲስ አበባ መርካቶ ላይ ስለሚፈታ፣ ፋብሪካው ያሳነሰውን ጅምላ ሻጩ መልሶ ያሳንሰዋል። በርዕሱ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር የለም። ከሁሉ በተሻለ ተመዝግበው የሚገኙት ሆት ዊልስ የሚባሉት ትናንሽ የመጫወቻ መኪኖች በመሆናቸው ይህ ዳሰሳም ወደ እነሱ ያጋድላል።

ካርቶኑ እንዴት ይሞላል

አምራቹ ለቸርቻሪ የሚሸጠው በፍሬ ሳይሆን በታሸገ ካርቶን ነው። ባለሱቁ «ከዚህኛው 50፣ ከዚያኛው 10» ብሎ አያዝም፤ ድብልቁን እንዳለ ይወስዳል። የማቴል ኩባንያ መደበኛ ሆት ዊልስ መኪኖች ለአሜሪካ ገበያ 72 ፍሬ በሚይዝ ካርቶን ይታሸጋሉ። ሌላው አምራች ሃዝብሮ ባለ 6 ኢንች ምስሎቹን፣ ማለትም የፊልም ገጸ ባሕርያትን የሚመስሉ አሻንጉሊቶቹን፣ ብዙ ጊዜ በ8፣ ፈንኮ ደግሞ ፖፕ የሚባሉትን ጭንቅላተ ትልቅ ምስሎች በ6 ያሽጋል። 8 ፍሬ በሚይዝ ካርቶን ውስጥ 6 ዓይነት ምስል ይግባ ከተባለ ሁለቱ ሁለት ሁለት ጊዜ ይገባሉ፣ አራቱ አንድ አንድ ጊዜ። እዚህ ድረስ ሒሳብ ነው። የሚደገሙት ሁለቱ የትኞቹ ይሁኑ የሚለው ግን የሰው ውሳኔ ነው፤ ሾርት ፓክም የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ውሳኔውን በዋናነት የሚጎትተው ወጪ ነው። በአንድ ካርቶን ያሉት ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ለመሥራት የሚወስዱት ገንዘብ ግን አንድ አይደለም። የጨርቅ ካባ የለበሰ፣ ብዙ መሣሪያ የያዘ፣ ፊቱ ላይ አራትና አምስት ቀለም የታተመበት ምስል ውድ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማተሚያና የራሱ ዙር ይፈልጋል። አምራቹ የካርቶኑን አማካይ ወጪ ለመጠበቅ ውዱን አንድ ጊዜ፣ ከሌላ ምስል ጋር አንድ ሻጋታ የሚጋራውን ርካሹን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያስገባል። ሁለተኛው ግምት ነው። ድብልቁ የሚወሰነው ከሽያጩ ወራት ቀደም ብሎ፣ ፊልም ከሆነ ደግሞ ገና ማንም ሳያየው ነው። ልጆች ዋናውን ጀግና ይገዛሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ጀግናው ይበዛል። ሰብሳቢ ግን ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ስለሚፈልግ፣ በአንድ ካርቶን አንድ የገባው በዕለቱ ያልቃል፤ ጀግናው ግን ለወራት መስቀያው ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ቸርቻሪው «የድሮው ሳያልቅ አዲስ አላዝም» ይላል፤ ቀጣዩ ዙር በጭራሽ ሳይመጣ የሚቀርባቸው ከተሞችም አሉ።

አንዳንዴ ምክንያቱ አካፋይ ቁጥር ብቻ ነው። ሌጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመራቸው በከረጢት የሚሸጡ ሚኒፊገሮች (ትናንሽ የሰው ምስሎች) 16 ዓይነት ሆነው በ60 ከረጢት ሣጥን ይመጡ ነበር። 60 ለ16 እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ ማንም ክፉ ሳያስብ አንዱ ይበዛል፣ ሌላው ያንሳል። ኋላ ላይ 12 ዓይነት በ36 ሲታሸግ ግን ለእያንዳንዱ 3 ይደርሰዋል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በ10ኛው ተከታታይ ውስጥ ለዓለም ሁሉ 5,000 ብቻ የተሠራ ባለወርቅ ቀለም ምስል ደብቆ ነበር፤ ይህኛው የአካፋይ ነገር አይደለም።

ሴት ገጸ ባሕርያት ሆን ተብለው እንዲያንሱ ይደረጋል የሚለው ክርክር አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሃዝብሮ ያወጣው የስታር ዋርስ ሞኖፖሊ ጨዋታ የፊልሙን ዋና ሴት ገጸ ባሕርይ ሬይን አልያዘም ነበር። ቅሬታው ሲበረታ ኩባንያው የፊልሙን ታሪክ አስቀድሞ ላለማጋለጥ ያደረገው መሆኑን ገልጾ፣ በጥር 2016 እንደሚጨምራት አስታወቀ። ለዚያ አንድ ጨዋታ ምክንያቱ ይበቃ ይሆናል። ሴቷን በካርቶን አንድ ብቻ የማስገባቱን የቆየ ልማድ ግን አያስረዳም።

በጥንቱ ዘመን ደግሞ ድንገት ራሱ ብርቅ ይፈጥር ነበር። ኬነር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ጃዋ የተባለ የስታር ዋርስ ገጸ ባሕርይ ምስል መጀመሪያ የላስቲክ ካባ ነበረው፤ ርካሽ ይመስላል ተብሎ በጨርቅ ተቀየረ፤ ባለላስቲኩ ዛሬ በውድ ይፈለጋል።

ሆት ዊልስ

ሆት ዊልስ እ.ኤ.አ. በ1968 በ16 ሞዴሎች ተጀመረ። ሆን ብሎ ቁጥር የማሳነሱ ሥርዓት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ትሬዠር ሃንት (ሀብት ፍለጋ) በሚል ስም ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት 12 መኪኖች፣ እያንዳንዳቸው በ10,000 ፍሬ ተሠሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ቁጥሩ ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥርዓቱ ለሁለት ተከፈለ፦ መደበኛው ትሬዠር ሃንትና ሱፐሩ። ከ2013 ጀምሮ መኪናው በላስቲክ ተሸፍኖ በሚለጠፍበት ካርድ ላይ ስሙ ተጽፎ አይገኝም፤ የሚያውቅ ብቻ ይለየዋል።

መለያው እንዲህ ነው። መደበኛው በመኪናው አካል ላይ ትንሽ ክብ ውስጥ ያለ የነበልባል ምልክት አለው። ሱፐሩ «ቲ ኤች» የሚሉ ፊደላት፣ ስፔክትራፍሌም የሚባለው የሚያብረቀርቅ ቀለምና እውነተኛ የላስቲክ ጎማዎች አሉት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከመኪናው ጀርባ ካርዱ ላይ ያለው ነበልባል በሱፐሩ ወርቅማ፣ በመደበኛው ብርማ ሆኖ ይታተማል፤ ይህን ለማየት መኪናውን በላስቲኩ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ያስፈልጋል።

ሱፐሩ የሚያንሰው ለማጓጓት ብቻ አይደለም። ስፔክትራፍሌም ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም በመሆኑ ከሥሩ ያለው ብረት የተወለወለ መሆን አለበት፤ ተራው ቀለም የሚሸፍነውን ጭረት ይህኛው ያሳያል። ጎማውም ከቸርኬው ተለይቶ ተሠርቶ የሚገጠም ነው፤ ተራው ግን ጎማና ቸርኬው አንድ ፕላስቲክ ነው። ሁለቱም ሥራውን ያዘገዩታል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው የካርቶን ፊደልን ነው። በዓመቱ ውስጥ የሚወጡት ካርቶኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ ይቀጥላሉ፤ እያንዳንዱ አዲስ ሞዴሎችን ከቀደመው ካርቶን ከተሻገሩት ጋር ቀላቅሎ ይይዛል። በሦስት ተከታታይ ፊደሎች ውስጥ የተመላለሰ መኪና የትም ይገኛል። በአንድ ፊደል ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋው፣ ምንም ልዩ ምልክት ባይኖረውም፣ ሾርት ፓክ ነው። ቸርቻሪው ይህንን ማስተካከል አይችልም፤ በአንድ ድብልቅ ያሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ አንድ ባርኮድ ስለሚጋሩ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 40 መኪና መሸጡን እንጂ የትኞቹ መሸጣቸውን አይደለም።

ማጭበርበሩም የሚሠራው በመኪናው አሠራር ነው። መኪናው የዛማክ (በዋናነት ዚንክ የሆነ ድብልቅ ብረት) አካል፣ ወለል፣ መስታወት፣ መቀመጫ፣ ሁለት ዘንግና አራት ጎማ ሲሆን ሁሉንም የሚይዛቸው ከሥር ያሉት ሪቬቶች ናቸው። አጭበርባሪ ሪቬቱን በትራፓኖ በስቶ ወለሉን ያወጣል፣ የላስቲክ ጎማ ይገጥማል፣ መልሶ በማስቲሽ ያጣብቃል፣ ሱፐር ነው ብሎ ይሸጣል። ከካርዱ የወጣ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ መገልበጥ ነው፦ የፋብሪካው ሪቬት ጫፉ ድፍን ሆኖ የተደፈጠጠ ነው፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለ፣ አዲስ ብረት የሚያብለጨልጭበት ወይም በብሎን የተተካ ከሆነ ተከፍቷል። በካርዱ ላይ ያለ ከሆነ የላስቲኩን ጠርዝ ዙሪያውን ማየት ይበቃል፤ የተላጠ ወረቀት ወይም ቢጫ የማስቲሽ መስመር ካለ አይገዛም።

ሣጥኑ ሳይታይ የሚገዛው

ፖፕ ማርት የተባለው ኩባንያ የሚሸጣቸው እንደ ላቡቡ አሻንጉሊት ያሉት ዓይነ ስውር ሣጥኖች ነገሩን በግልጽ ያደርጉታል፤ ዕድሉ ሣጥኑ ላይ ተጽፏል። 6 መደበኛ ምስል ባለው የላቡቡ ተከታታይ ምስጢሩ፣ ማለትም ከመደበኞቹ ውጭ የተደበቀው ብርቅ ምስል፣ ከ72 አንድ ነው፤ 12 መደበኛ ባላቸው ብዙ ተከታታዮች ደግሞ ከ144 አንድ። ይህ ማለት በአማካይ ከ12 ሙሉ ስብስብ አንዱ ውስጥ ብቻ ምስጢሩ አንዱን መደበኛ ተክቶ ይገኛል። 72 ሣጥን የገዛ ሰው ምስጢሩን በእርግጠኝነት ያገኛል ማለት ግን አይደለም። እያንዳንዱ ሣጥን ለየብቻው ዕጣ ነው ብንል፣ ከ72 ሣጥን ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድል 63 በመቶ ገደማ ነው። ኦሪጅናሉ ላቡቡ ጥርሱ 9 ነው፤ ቆጥሮ መግዛት ይሻላል።

ቼስ በሚባለው የፈንኮ ብርቅ ዓይነት ላይ ብዙ ጊዜ ከ6 አንድ ተብሎ ይጻፋል፤ ካርቶኑም 6 የሚይዝ ነው። በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ ካርቶኑን ሲከፍት ቼሱን አስቀድሞ ካወጣ ለደንበኛው የቀረው ዕድል ዜሮ ነው።

ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ

ጅማ ለንግድ አዲስ አይደለችም። የሒርማታ የሐሙስ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጠራ፣ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ የሚገናኝበት ነበር። ከዚህ የሚወጣ መሰብሰቢያ ዕቃም ሞልቷል፤ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ማንም አገር ቢወሰድ አያሳፍርም። የእሱ ብርቅነት ከካርቶን አይመጣም፤ ስፋት ካለው፣ የግንዱ እምብርት መሃሉን ካልሰነጠቀው እንጨት ይመጣል። አሻንጉሊቱ ግን ከውጭ ነው የሚገባው።

መንገዱ ከቻይናና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ፋብሪካዎች በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ መርካቶ ነው። ከአዲስ አበባ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በጊቤ አድርጎ ጅማ ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። አሻንጉሊት ቀላል ግን ቦታ ያዥ ነው፤ አይሱዙው ከመክበዱ በፊት ይሞላል። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ዕቃው ከማሸጊያው ወጥቶ በማዳበሪያ ይጫናል። ለልጅ መጫወቻ ምንም አይደለም፤ ለሰብሳቢ ግን ዕቃው ጊቤን ሳይሻገር ዋጋው ወርዷል።

በመርካቶ ሕግ ካርቶን በደርዘን ይፈታል። 72 የያዘ ካርቶን 6 ደርዘን ነው። በውስጡ አንድ ብቻ ያለ መኪና ቢኖርና የጅማ ባለሱቅ 2 ደርዘን ቢወስድ፣ ያ መኪና ወደ ጅማ የመምጣቱ ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ይህም ማንም ቀድሞ ካልመረጠ ነው። የአዲስ አበባ ሰብሳቢዎች ካርቶን ሲከፈት ቆመው የሚጠብቁ ከሆነ ለጅማ የሚቀረው ተደጋጋሚው ነው። ባለሱቁንም መውቀስ አይቻልም፤ እሱ የሚያስበው ለዒድ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለዩኒቨርሲቲው የምረቃ ሰሞን ነው፤ በምረቃ ሰሞን ደግሞ የሚፈለገው ትልቅ ድብ እንጂ 7 ሳንቲ ሜትር መኪና አይደለም።

ዋጋ ያለው መፍትሔ ያልተፈታ ካርቶን በማኅበር መግዛት ነው፤ ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ ቀላል ነው። ስድስት ሰው ለ72 ፍሬ ካርቶን እኩል ያዋጣል፣ ለእያንዳንዱ 12 ይደርሳል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ካርቶኑ ይፈተሻል፦ የፋብሪካው ስኮች አንድ ጊዜ ብቻ የተለጠፈ ነው፤ ከሥሩ የተገነጠለ ወረቀት ካለ ወይም ስኮች በስኮች ላይ ከተለጠፈ ተከፍቶ ታሽጓል። የውጭ መለያው ላይ ያለው የፍሬ ቁጥርና የካርቶን ፊደል ይጻፋል፣ ሁሉም ባሉበት ይከፈታል። ዕጣ ወጥቶ ተራው ከአንድ እስከ ስድስት ይሆናል፤ በሁለተኛው ዙር ከስድስት ወደ አንድ ይገለበጣል፣ እንዲህ እየተለዋወጠ 12 ዙር ይሄዳል። ተራው ካልተገለበጠ አንደኛ የወጣው ሰው ሁልጊዜ ቀዳሚ ስለሚሆን ማኅበሩ በሁለተኛው ካርቶን ይፈርሳል። ሱፐር ከተገኘ ምን እንደሚደረግ፣ ማለትም አንደኛ ዕጣ ይወስደዋል ወይስ ተሸጦ ይካፈላል የሚለው፣ ካርቶኑ ሳይከፈት መወሰን አለበት።

አቀማመጥ

የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እርጥበቱ ለካርድ ጠላት ነው። ካርዱ መጀመሪያ ከጥግ ይጠቀለላል፣ ቀጥሎ የላስቲኩ ማጣበቂያ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ የመኪናው ዘንግ ይዝጋል፤ ዛማኩ ራሱ ባይዝግም። ካርቶን በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥም፤ በጣውላ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ከውጭኛው ግድግዳም ይራቃል። በጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይጠቅማሉ፤ ግን ሲጠግቡ መቀየር አለባቸው። በክረምት መሃል በፌስታል አጥብቆ ማሰር እርጥበቱን ከውስጥ መቆለፍ ነው፤ መታሸግ ካለበት በበጋ፣ ካርዱ ከደረቀ በኋላ ይታሸጋል። መስኮት አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ከዝናቡ ቢያድነውም ፀሐይዋ ላስቲኩን ቢጫ ታደርግበታለች፤ ቢጫ የሆነ ላስቲክ አይመለስም።