«መጋቢ፣ እርስዎ ቢነግሩት ይሰማል»

በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው ይህን ልመና ሳይሰማ ብዙ አይቆይም። ሚስት ስለ ባሏ፣ የኳየር መሪ ስለ ሙዚቀኞቹ፣ አንዱ ሽማግሌ ስለ ሌላው ሽማግሌ ይዞት ይመጣል። ቤት ውስጥም ያው ነው። «እማዬ፣ ለአባዬ አንቺ ንገሪልኝ» ሳይል ያደገ ልጅ መቼም ጥቂት ነው።

መጋቢውም እሺ ይላል። መታመን ደስ ይላላ! በማግስቱ ባልየው ደውሎ የራሱን ያወራል። ሳምንት ሳይሞላ መጋቢው እንቅልፍ አጥቷል። ባልና ሚስቱ ግን አሁንም አልተነጋገሩም።

መሬይ ቦወን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን ነገር በደንብ አጥንቶታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ታማሚውን ብቻውን ከማየት ይልቅ ከነቤተሰቡ ሆስፒታል አስገብቶ ይከታተል ነበር። የአንዱ ጭንቀት ወደ ሌላው ሲጋባ ተመለከተ። ሁለት ሰዎች ውጥረቱ ሲከብዳቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ። ይህንን «ሦስት ማዕዘን» ብሎ ጠራው። ሦስተኛው ሲገባ ሁለቱ ትንሽ ይተነፍሳሉ፤ ጠቡ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልተፈታም። ኤድዊን ፍሪድማን የተባለ የአይሁድ ረቢና የቤተሰብ አማካሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ወደ ምኩራብና ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣው። መሪ ጉባኤውን የሚረዳው በምክሩ ብዛት ሳይሆን ይበልጡን በራሱ እርጋታ ነው ባይ ነው።

ቦወን ሐኪም እንጂ ሐዋርያ አይደለም፤ ሐሳቡ በቃሉ ይመዘን። እኔ ስመዝነው ግን ሉቃስ 12 ላይ ቁልጭ ብሎ አገኘዋለሁ። አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ «መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው» አለ። ኢየሱስ «ፈራጅና አካፋይ በላያችሁ እንድሆን ማን ሾመኝ?» ብሎ መለሰለት። በምድር ላይ ፍርድ ማወቅ የሚችል ሰው ቢኖር እርሱ ነበር። ቢሆንም በወንድማማቾቹ መካከል አልገባም። ሰውየውንም አላባረረው። ስለ መጎምጀት፣ ማለትም ስለ ጠያቂው ልብ አስተማረ።

ማርታም «እንድታግዘኝ ንገራት» ስትል የሆነው ይኸው ነው (ሉቃስ 10)። ለማርያም አንድም ትእዛዝ አልሄደላትም። «ማርታ፥ ማርታ» ብሎ ስለ ራሷ ጭንቀት አናገራት። ስሟን ሁለቴ መጥራቱን ልብ በሉ፤ እምቢታው ቅዝቃዜ የለበትም። ቦወን «ራስን መለየት» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ከሰው ሳይርቁ፣ በሰው ጭንቀት ሳይነዱ መቆም።

አሮን ግን ተነዳ። ሙሴ ከተራራው ሲዘገይ ሕዝቡ ተጨነቀ፤ አሮንም ጭንቀቱን ለማብረድ የጠየቁትን ሠራላቸው። ሲጠየቅም፣ ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ይህ ጥጃ ወጣ አለ (ዘጸአት 32)። ጥጃው በራሱ የወጣ ይመስል! ስንት የቦርድ ውሳኔ እንዲሁ «ወጥቷል» መሰላችሁ። ማንም አላመነበትም፤ ጩኸቱ እንዲበርድ ብቻ ነው የተወሰነው።

ነገሩ በትውልድም ይወርዳል። ይስሐቅ ዔሳውን ወደደ፣ ርብቃ ያዕቆብን። ያዕቆብ አድጎ ዮሴፍን አስበለጠ። በወንድሙ ልብስና በፍየል ጠቦት ቆዳ አባቱን ያታለለው ሰው፣ ልጆቹ በዮሴፍ ቀሚስና በፍየል ደም አታለሉት። ስለዚህ አዲስ መጋቢ ጉባኤው ውስጥ ያለውን ጠብ «ማን አመጣው?» ከማለቱ በፊት፣ ከእሱ በፊት የነበሩት መጋቢዎች እንዴት እንደሄዱ ቢጠይቅ ብዙ ይገባዋል።

«ታዲያ ሽምግልናችንስ?» የሚል አይጠፋም። ደህና ሽማግሌ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ያነጋግራል፤ ወሬ አያመላልስም። ማቴዎስ 18ም ቅደም ተከተሉን ይሰጠናል። መጀመሪያ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ»፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ።

አንድ ነገር ግን ይለያል። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ጥቃት ካለ «ሄደሽ አነጋግሪው» አይባልም። እዚያ ጣልቃ መግባት ግዴታ ነው፤ ተጎጂዋን ማሸሽ፣ ለሕግም ማሳወቅ።

ከዚያ ውጭ መልሱ አጭር ሊሆን ይችላል። «እህቴ፣ ለእሱ ይህን ነግረሽዋል? ካልነገርሽው እንዴት እንደምትነግሪው አብረን እናስብና እንጸልይ። ካስፈለገም ሁለታችሁም ባላችሁበት እቀመጣለሁ።» መጀመሪያ ላይ ትከፋ ይሆናል። «መጋቢ ድሮ እንዲህ አልነበሩም» የሚል ወሬም ይመጣል። ፍሪድማን መሪ ሲረጋ ጉባኤው ወደ ቀድሞው ሊመልሰው እንደሚታገል አስጠንቅቋል። ያን ጊዜ ከተቆጣህ ወይም ከሸሸሃት ያው ተነዳህ ማለት ነው። በሳምንቱ አጋማሽ ደውልላትና እንዴት እንደሆነች ጠይቃት።