የፊልም ግሬን ምንድን ነው?

«የአያቴን ፎቶ ግሬኑን (ፊልም ፎቶ ላይ የሚታየውን ደቃቅ ነጠብጣብ) ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት፤ አሁን እውነተኛ ፊታቸው ወጣ» የሚል ሰው በቅርቡ ገጠመኝ። በፎቶው ላይ የቀረው አንድም መስመር የሌለበት፣ የማንም ሊሆን የሚችል ጉንጭ ነበር። ሌላው ደግሞ በስልኩ ባነሳው ጥርት ያለ ምስል ላይ ነጠብጣብ ነስንሶ «ፊልም አደረግኩት» ይላል። አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው ይጨምራል፤ የሁለቱም እምነት ግን አንድ ነው። ምስሉ ከታች አለ፣ ግሬን ደግሞ ከላይ ያረፈበት ነገር ነው ብለው ያስባሉ። በዚህ እምነት ብዙ የቤተሰብ ፎቶ እየተበላሸ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥቁርና ነጭ ፊልም በጀላቲን ውስጥ የተበተኑ የብር ጨው ክሪስታሎችን የያዘ ነው። ፊልሙ ሲታጠብ ብርሃን የነካቸው ክሪስታሎች ወደ ጥቁር ብር ይለወጣሉ፤ ያልነካቸውን ሃይፖ የተባለው ማጽኛ ኬሚካል አሟሙቶ ያወጣቸዋል። ከዚህ በኋላ ኔጋቲቩ (ታጥቦ የወጣው ፊልም) ላይ የሚቀረው ምስል ብሩ ብቻ ነው። የአያትየው ጉንጭም፣ የነጠላው ጥለትም፣ ከኋላ ያለው ግድግዳም የተሠሩት ከእነዚያው ቅንጣቶች ነው። ግሬን የምንለው ይህንኑ የምስሉን ሥሪት ነው።

በሰፌት ላይ ያለውን አበባ ተመልከቱ። አበባው ከአለላው ስፌት ተለይቶ የትም የለም። ስፌቱ ዓይኔን ረበሸኝ ብሎ የሚፈታው ሰው አበባውንም አብሮ ይፈታዋል። ሰፊዋ ስፌቷን ካቀጠነች የአበባው ጠርዝ ይጠራል፣ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ይወስድባታል። ካወፈረችው ቶሎ ታደርሰዋለች፣ ጠርዙ ግን ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ፊልምም እንዲሁ ነው። አይኤስኦ ፊልም ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ባለ አይኤስኦ 50 የሆነው ፓን ኤፍ ፕላስ የተባለው ፊልም ክሪስታሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ከባለ 400ው ትራይ-ኤክስ ፊልም 8 እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል። አንድ ክሪስታል ጥቂት ብርሃን ከነካው አጣቢው ኬሚካል ሙሉውን ወደ ብር ይለውጠዋል፤ ትልቁ ክሪስታል ደግሞ ብርሃን የመቀበል ዕድሉ ሰፊ ነው። የፊልም ፍጥነት (በጥቂት ብርሃን ምስል የመያዝ ችሎታው) እና ደቃቅነት የሚጣሉት በዚህ ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1986 ቲ-ማክስ የተባለውን ፊልም ሲያወጣ ክሪስታሎቹን ጠፍጣፋ አድርጎ ይህን ጠብ በተወሰነ ደረጃ አላልቶታል፤ ስለዚህ ባለ 400ው ቲ-ማክስ ከእኩያው ከትራይ-ኤክስ ይደቅቃል። የአይኤስኦ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ስለ ግሬን መናገር አይቻልም ማለት ነው።

አጣጠቡም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣው ሮዲናል የተባለው ማጠቢያ ኬሚካል የቅንጣቶቹን ጠርዝ ስለሚያጎላ ግሬኑ ይታያል፤ በ1927 የመጣው ሌላው ማጠቢያ ዲ-76 ግን ሰልፋይት የተባለ ጨው በብዛት ስላለው ያለሰልሰዋል። በወረቀት ላይ የምናያቸው ጥቁር ነጥቦች ደግሞ የፊልሙ ብር ራሱ አይደሉም። ወረቀቱን የሚያጠቁረው በብር ክምችቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ያለፈው ብርሃን ነው። «የፊልሙ ጥቁር ነጥቦች» እያሉ በሙሉ ልብ የሚያስረዱ ሰዎች የሚያሳዩት የነጥቦቹን ባዶ ቦታ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ግን «ሌንሱ ደካማ ስለነበረ ግሬኑ በዛ» የሚለው ነው። ሌንስ ግሬን አይሠራም። ከፎከስ ውጪ የሆነውን የፎቶውን ጀርባ አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ዛፉ ደብዝዟል፣ በዛፉ ላይ ያለው ግሬን ግን ልክ እንደ ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። የማጉያ መሣሪያውን ፎከስ የሚያስተካክለው በምስሉ ሳይሆን በግሬኑ ነው፤ ምስሉ ደብዛዛ ሆኖ ቢነሣ እንኳን ግሬኑ አይዋሽም። በመተግበሪያ የተነሰነሰው ነጠብጣብም የሚጋለጠው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ በጥቁሩም፣ በግራጫውም፣ በነጩም ላይ እኩል ይረጫል፤ የእውነተኛው ፊልም ግሬን ግን በመካከለኛው ግራጫ ላይ ጎልቶ፣ በድፍን ጥቁርና በንጹሕ ነጭ ላይ እምብዛም አይታይም።

ሌንስ በግሬን ላይ ምንም ተጽዕኖ የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ መንገዱ ሌላ ነው። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ያ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ እየተንከራተተ የምስሉን ጥላዎች ያነጣቸዋል፣ ኔጋቲቩም ልፍስፍስ ይሆናል፤ የጥቁሩና የነጩ ልዩነት (ኮንትራስቱ) ያንሳል ማለት ነው። አታሚው ይህን ለማካካስ ጠንካራ ኮንትራስት ያለው ወረቀት ሲጠቀም ግሬኑም አብሮ ይጎላል። በዘይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 የተፈለሰፈው የሌንስ ሽፋን ያቃለለው ይህንን ነው። ሌላው መንገድ ቀላል ነው፦ ቀዳዳው እስከ 1.4 የሚከፈት ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እስከ 2.8 ከሚከፈተው 4 እጥፍ ብርሃን ስለሚያስገባ፣ ሰውየው በ400 ፊልም ፈንታ 100 መጫን ይችላል። ሌንሱ ፊልሙን አስመረጠ እንጂ ቅንጣቱን አልነካውም።

«የድሮ ፎቶ ስለሆነ ግሬን ሊኖረው ይገባል» የሚለውም ልክ አይደለም። በ9 በ12 ሳንቲሜትር ኔጋቲቭ ተነስቶ ሳይጎላ በቀጥታ ወረቀት ላይ የታተመ ፎቶ መቶ ዓመት ቢሞላውም ግሬኑ በዓይን አይታይም። ግሬን የሚወጣው በማጉላት ነው። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ኔጋቲቭ 24 በ36 ሳንቲሜትር ወረቀት ላይ ሲታተም 10 ጊዜ ይጎላል፤ የ6 በ6 ሳንቲሜትር ኔጋቲቭ ግን 24 ሳንቲሜትር ለመድረስ 4 ጊዜ ያህል ቢጎላ ይበቃዋል። የድሮ ፎቶ ሕመሞች ሌሎች ናቸው፦ ጭረት፣ እርጥበት፣ በደንብ ካልታጠበ ሃይፖ የሚመጣ ቢጫነት። የፊቱ መጥቆርም ከዕድሜ ላይሆን ይችላል። ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃንን ስለማያይ የጠይም ሰው ፊት ከእውነቱ ጠቁሮ ይወጣል፤ ከእንዲህ ያለ ፎቶ ተነስቶ «አያቴ በጣም ጥቁር ነበሩ» ብሎ መደምደም አይገባም።

በቀለም ፊልም ላይ የሰፌቱ ምሳሌ ይሰነጠቃል። እዚያ በአጣጠቡ መጨረሻ ብሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የሚቀሩት በየቅንጣቱ ዙሪያ የተፈጠሩት ጥቃቅን የቀለም ደመናዎች ናቸው። አለላው ተመዝዞ ወጥቶ ቀለሙ ብቻውን አበባውን ይዞ እንደቀረ ቁጠሩት። ስለዚህ ስለ ብርሃን መጠን የሚሰጠው ምክርም ይገለበጣል። የቀለም ኔጋቲቭ ከሚያስፈልገው በላይ ብርሃን ሲያገኝ ደመናዎቹ እየተደራረቡ ግሬኑ ይለሰልሳል፤ በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ብርሃን መጨመር ግሬኑን ያበዛዋል። «ለፊልም ሁልጊዜ ብርሃን ጨምሩለት» የሚለው ምክር ለግማሹ ብቻ ይሠራል።

የአያታችሁ ኔጋቲቭ በእጃችሁ ካለ፣ ከታተመው ወረቀት ይልቅ እሱን በስካነር አስነሡ። ጭረቱንና አቧራውን በእጅ አንድ በአንድ ጠግኑ፤ ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። ግሬኑ ከመጠን በላይ ሻካራ ሆኖ ከመጣም ጥፋቱ የፊልሙ ላይሆን ይችላል። ቅንጣቶቹን ለይቶ ለማንበብ አቅም የሌለው ስካነር እርስ በርስ እያደባለቀ ከእውነተኛው የበለጠ ያገዝፋቸዋል፤ በተሻለ ስካነር ከፍ ባለ ጥራት አንድ ጊዜ ደግማችሁ አስነሡት።