እምነት ላይ የቆመ የሽግግር ቤት ምንድን ነው?

አንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ጎዳና ላይ አደረ እንበል። ዛሬ ሥራ ቢያገኝ ነገ ቤት መከራየት ይችላል? ይከብደዋል። አከራዩ አይዲ ይጠይቀዋል። አይዲው ከነሻንጣው ጠፍቷል። አዲስ ለማውጣት የልደት ምስክር ወረቀት አምጣ ይባላል። የልደት ወረቀቱን ሲጠይቅ ደግሞ አይዲህን አሳይ ይሉታል። ክሬዲቱ፣ ማለትም ብድርና ዕዳ የመክፈል ታሪኩ፣ ተበላሽቷል። ለዲፖዚት፣ ማለትም ለአከራዩ ለሚያዘው ማስያዣ፣ የሚሆን ገንዘብ የለውም። እንቅልፉም ገና የጎዳና እንቅልፍ ነው፤ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላል።

የሽግግር ቤት የሚባለው በጎዳናውና በኪራይ ቤቱ መካከል ያለው ማረፊያ ነው። ሼልተር የሚባለው የቤት አልባዎች መጠለያ የዛሬን ሌሊት ያሳድራል። ብዙውን ጊዜ ማታ ተገብቶ ጠዋት ይወጣል። የሽግግር ቤት ግን ሰውየውን ለወራት ያስቀምጠዋል። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ከሆነ ጣሪያው 24 ወር ነው። ነዋሪው የራሱ አልጋ፣ ዕቃውን የሚቆልፍበት ቦታ፣ ፖስታ የሚመጣለት አድራሻ ይኖረዋል። አድራሻ ስላችሁ እንደ ቀላል አትዩት። የባንክ ደብተር፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሐኪም ቀጠሮ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

እምነት ላይ የቆመ የምንለው ቤተ ክርስቲያን ወይም ሌላ የሃይማኖት ድርጅት ሲመሠርተውና ጸሎት፣ ትምህርትና ምክር የኑሮው ክፍል ሲሆኑ ነው። ለወንዶች ብቻ የሆኑ ብዙ አሉ። በአሜሪካ ቤት አልባ ከሆኑት ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ ወንዶች ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጄሪ ማኮሊ የሚባል ከአየርላንድ የመጣ ሰው ነበር። በ19 ዓመቱ ሲንግ ሲንግ የሚባለው እስር ቤት ገባ፤ ከዚያም ወጥቶ በመጠጥና በሌብነት ተንከራተተ። በኋላ ወደ እምነት ተመልሶ፣ በ1872 ኒው ዮርክ ውስጥ ዋተር ስትሪት ላይ ለእንደሱ ዓይነት ወንዶች ቤት ከፈተ። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ከፋቹ ማን እንደሆነ ነው። በሩን የከፈተው ራሱ ከዚያው ጎዳና የተነሳ ሰው ነው። ዛሬም ጥሩ በሚባሉት ቤቶች ውስጥ ከሠራተኞቹ መካከል ትናንት እዚያው አልጋ ላይ የተኙ ታገኛላችሁ። አዲስ ገቢው "አንተ ምን ታውቃለህ?" ሊላቸው አይችልም።

ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ቤቶች፣ ባወሪ ሚሽን በ1879 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሴንትራል ዩኒየን ሚሽን ደግሞ በ1884 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተከፈቱ። የዲሲው አሁንም አለ። ዩኒየን ስቴሽን በሚባለው የባቡር ጣቢያ አካባቢ የምትሠሩ ወገኖች ሳታውቁት በደጃፉ አልፋችሁ ይሆናል።

የቤቱ ውሎ ምን ይመስላል? ጠዋት በጊዜ መነሳት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ተራ ሲደርስ ወጥ ቤት መግባት ወይም ደረጃ መጥረግ አለ። የመግቢያ ሰዓት አለ። የመጠጥና የዕፅ ምርመራ አለ። ጉዳዩን የሚከታተልለት ኬዝ ማናጀር ይመደብለታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአብዛኛው ወረቀት በማሟላት ያልቃሉ። ሥራ ሲጀምር ከደመወዙ የተወሰነውን እንዲያስቀምጥ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። ሲወጣ ዲፖዚት የምትሆነው ያቺ ገንዘብ ናት።

ሕጉ ጥብቅ ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አርባ ዓመት የሞላው ሰው "እስከ አራት ሰዓት ግባ" ሲባል ይከፋዋል። ግን ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖበት ለኖረ ሰው፣ ማክሰኞን ከረቡዕ የሚለይ ነገር ማግኘቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚያከራክረው የእምነቱ ጉዳይ ነው። በድሮው ጊዜ የተራበ ሰው ሾርባውን ከመጠጣቱ በፊት ስብከቱን ቁጭ ብሎ መስማት ነበረበት። ዛሬ በቀጥታ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ድርጅት ነዋሪውን በአምልኮ እንዲሳተፍ ማስገደድ አይችልም። አምልኮው በፈቃድ፣ በተለየ ሰዓት ወይም ቦታ መሆን አለበት። በምእመናን መዋጮ ብቻ የሚተዳደሩት ግን የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ፤ ስብሰባ መገኘት ግዴታ የሆነባቸውም አሉ። እኔ በበኩሌ እምነት ሰውን ከወደቀበት ያነሳል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የራበውን ሰው አስገድዶ ማስጸለይ አይመቸኝም። ቢያንስ ከመግባቱ በፊት ሁሉም ነገር በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ሌላም ክርክር አለ። ሳም ጸምበሪስ የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሌላ መንገድ ጀመሩ። ሐሳቡ "መጀመሪያ ቤት" ነው። ሰውየው መጠጥ እስኪተው አትጠብቁ፣ ቁልፉን ስጡትና ሌላው ይከተላል ይላል። ካናዳ በአምስት ከተሞች በሰፊው ሞክራው፣ በዚህ መንገድ ቤት ያገኙ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የመቆየት ዕድላቸው በእጅጉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን መካድ አይቻልም። በተለይ የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ደንብ የበዛበት ቤት ላይሆነው ይችላል። ነገር ግን ከመጠጥ ለመላቀቅ የቆረጠ፣ ብቻውን አፓርታማ ውስጥ መቀመጥን የሚፈራ ሰውም አለ። እሱ አብሮት የሚበላና "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" የሚለው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱን መንገድ ዘግቶ ሌላውን ብቻ መክፈት ልክ አይመስለኝም።

የእኛ ሰው ጋ ስንመጣ ይሉኝታ አለ። መኪናው ውስጥ እያደረ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሰው ሊኖር ይችላል። ለንስሐ አባቱም ላይናገር ይችላል። አገር ቤት ያሉት ገንዘብ ይጠብቃሉ፤ ሼልተር ገባ መባልን ከሞት አስበልጦ ይፈራዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካወቃችሁ ሰው ፊት አታንሱበት። ለብቻው ያዙትና 211 አብራችሁት ደውሉ። በአብዛኛው የአሜሪካ አካባቢ ስለ መኖሪያ እርዳታ የሚጠቁም ስልክ ነው፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ ሲገኝ እነዚህን ጠይቁለት፦ ስንት ወር ያስቆያል? አምልኮው ግዴታ ነው? የሐኪም መድኃኒቱን ይዞ መግባት ይችላል? አንድ ቀን ተሸንፎ ቢጠጣ ያስወጡታል ወይስ እንደገና ይቀበሉታል? ደግሞ ከእነሱ ዘንድ የወጡ ሰዎች አሁን የት እንደሚኖሩ ጠይቁ። ይህን ያለ ማመንታት የሚመልስ ቤት ነዋሪዎቹን ከወጡ በኋላም ይከታተላል ማለት ነው።