ምራቁን የዋጠ ሁሉ ሽበት የለውም

ባለፈው ቡና ላይ አክስቴ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» ብላ መረቀችኝ። ልጇ ቀበል አድርጎ «ሺህ ዓመት ኑር ማለቷ ነው» አለኝ። እንደ እሱ የሚያስበው ብዙ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ግን ማቱሳላን 969 ላይ ያቆመዋል። እዚያ ምዕራፍ ላይ ሺህ የደፈነ የለም። ያሬድ 962 ዓመት ኖሯል፤ ምስኪን፣ በ7 ዓመት ብቻ ተበልጦ ከምርቃት ቀረ።

«ማቱሳላን የጥፋት ውኃ ገደለው» የሚሉም አሉ። ላሜሕን በ187 ዓመቱ ወለደ፤ ላሜሕ ኖኅን በ182። ውኃው ሲመጣ ኖኅ 600 ዓመቱ ነበር። ሲደመር 969። ዓመቱ ይገጥማል፣ በምን እንደሞተ ግን አልተጻፈም።

«ዕድሜ ጠገብ» ለሕንፃና ለዛፍ ብቻ ይመስለናል፤ ዜና ላይ የምንሰማው እንደዚያ ነዋ። ግን አብርሃም በ175 ዓመቱ ሲሞትም «ዕድሜ ጠገበ» ተብሎለታል። ለሰው ቢባል ነውር የለውም።

«ምራቁን የዋጠ» ሲባል ብዙዎች ሽማግሌ ይታያቸዋል። እኔ ደግሞ ሕፃን ነው የሚታየኝ። ጥርስ ሊያወጣ የደረሰ ልጅ ለሃጩ እስከ ደረቱ ይወርዳል፤ እናቱ ስትጠርግ ትውላለች። ምራቁን መዋጥ የጀመረ ዕለት ያን አለፈ። አባባሉ መብሰልን እንጂ ዓመትን አይቆጥርም። በ28 ዓመቷ ምራቋን የዋጠች አለች፤ 65 ሞልቶት አፉ እንዳመጣለት የሚዘባርቅም ሞልቷል።

«በንግድ ጥርሱን የነቀለ» ሲባልም ድዱ የቀረ አዛውንት ነጋዴ አታስቡ። የእርጅና ጥርስ ይረግፋል። ይሄኛው እኔ እንደሚገባኝ የወተት ጥርስ ነው፤ በክር አስረን ነቅለን ጣሪያ ላይ የወረወርነው። ሰውየው ከልጅነቱ ሱቅ ውስጥ አድጓል ማለት ነው።

«ሽማግሌ» ለመባልስ ማርጀት ግድ ነው? ቃሉ ሁለት ሥራ አለው፤ ሸመገለ አረጀ ነው፣ አሸማገለ አስታረቀ። አንድ ጓደኛዬ በ34 ዓመቱ ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ ሄደ። የልጅቷ አባት ጎረቤቱ ናቸው፤ ትናንት «አንተ፣ መኪናህን አንሣልኝ» ብለውታል። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ሲያዩት «አረፍ ይበሉ እንጂ» አሉት።