ምጽዋት ምንድን ነው? ከትርፍ የሚሰጥ ነው ያላችሁስ ማን ነው?

«ምጽዋት ከጥንቱም ትርጉሙ ከተረፈህ ላይ በፈቃድህ የምትሰጠው ነው፤ ግዴታው አሥራት ነው።» ይህቺን አባባል ሰሞኑን እንደገና አነበብኳት። ጸሐፊው በዚያ ላይ «የግእዝ ሥሩን ተመልከቱ» ይላል። እሺ፣ እንመልከት።

ሥሩ ግእዝ ውስጥ የለም። ቃሉ የመጣው አይሁድ ይናገሩት ከነበረው አራማይክ ከሚባለው የጥንት ሴማዊ ቋንቋ ነው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን «ባር ሚጽቫ» (ልጅ ትእዛዝ ለመጠበቅ የሚደርስበት በዓል) ሲሉ የምትሰሟት ሚጽቫ የቅርብ ዘመዱ ናት። ትርጉሟ ትእዛዝ ነው። በጥንቱ የአራማይክ አነጋገር ይኸው ቃል ለድሃ የሚሰጠውን ነገርም መጠሪያ ሆነ። ለድሃ መስጠት ዋናው ትእዛዝ ነበራ።

ሰልባጅ ኮት የገዛ ሰው አስቡ። የመጀመሪያው ባለቤት ያሰፋው ኪስ አብሮ ይመጣል። የምጽዋትም ኪስ እንዲሁ ነው፦ «ም» እዚያው በአገሩ የተለጠፈ ቅጥያ ነው፣ «ት»ም የአንስታይ ምልክት። ግእዝ ኪሱን ሳይፈታ ለበሰው። አልፎም ኪሱን እንደ ጨርቁ ቆጥሮ አራት ፊደል ያለው ግስ ሰፋበት፦ መጽወተ። እኛ ደግሞ በአማርኛ ከዚያው ኮት ላይ መጽዋችና ተመጽዋች ቀደድን።

(ሃይማኖት፣ ኦሪትና ጣዖትም ከአራማይክ ናቸው። ሁሉንም ያመጡት የሶርያ መነኮሳት ናቸው የሚል አለ፤ ምጽዋት ግን ከእነሱ አይሆንም። በእነሱ ቋንቋ በሱርስት በተተረጎመው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ቃል ሌላ ነው፣ ከጽድቅና ከሰደቃ ወገን።)

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የቃል አመጣጥ ዳኛ አይደለም። ሰው ዛሬ ምጽዋት ሲል ሳንቲም ማለቱ ከሆነ ትርጉሙ እሱው ነው፤ «ትእዛዝ ማለት ነውና ካልሰጣችሁ» ብዬ የማስገድደው የለም። የሚያናድደኝ ሥሩን ምስክር ጠርቶ በሐሰት ማስመስከሩ ነው።

ደግሞ በዛሬው ትርጉምስ ቢሆን «ከተረፈህ» የሚለው ከየት መጣ? በበዓል ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቁሙ። እናቶች ብራቸውን ከዝርዝር ሻጩ ዘንድ ይመነዝራሉ። ሻጩ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል፣ ማንም አይከራከረውም። ከዚያ በተርታ ለተቀመጠው ሁሉ አንድ አንድ ያደርሳሉ። የቀረችውን ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ጠብ ያደርጓታል። አንዳንዷም ለታክሲ የያዘቻትን ጨምራ በእግሯ ትመለሳለች።