ምድር ኩፍ ስትል

የፋሲል ግንብን ግድግዳ በእጁ የዳሰሰ ሰው የቀዘቀዘ ላቫ ዳስሷል። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ግንበኞቹ የተጠቀሙበት ጥቁር ድንጋይ ድሮ ከምድር ውስጥ ፈልቶ የወጣ ነው። ከደባርቅ ማዶ ያሉት የስሜን ተራሮችም፣ 4,533 ሜትር ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን ጨምሮ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይነድ የነበረ የአንድ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቅሪት ናቸው።

እሳተ ገሞራ ሲባል ሁላችንም የምናስበው እሳቱንና ጭሱን ነው። መሬቱ ግን ከዚያ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ቅልጥ ዓለት ከጥልቅ ተነስቶ ከመሬት ሥር ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ይጠራቀማል። ግፊቱ ሲበረታ ከላይ ያለው መሬት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ብዙ ጊዜ እብጠቱ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በላዩ ላይ የሚኖር ሰው አያውቀውም። የሚያውቁት ጂፒኤስ፣ የመሬትን ዘመምታ የሚለኩ መሣሪያዎችና የራዳር ሳተላይቶች ናቸው። ሳተላይቱ አንዱን ቦታ በተለያየ ቀን ያነሳዋል፤ ሁለቱ ምስሎች ሲነጻጸሩ ከፍ ወይም ዝቅ ያለው ይለያል።

አንዳንዴ ግን በዓይን ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የቅድስት ሄለን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1980 ከመፈንዳቱ በፊት ሰሜናዊ ጎኑ በቀን ወደ 2 ሜትር እየተገፋ ያብጥ ነበር። ሜይ 18 ቀን (ግንቦት 10) ያ ጎን ተናደና ተራራው ፈነዳ።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ የአፋሩ ነው፤ እኔም ደጋግሜ የማስበው እሱን ነው። መስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ የሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ ዓለት ወደ ጎን ሰንጥቆ ገባ። ስንጥቁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ረዘመ። በሳምንታት ውስጥ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ግራና ቀኙ ከፍ አለ፣ መሐሉ ሰመጠ። ይህን ሁሉ ያደረገው ቅልጥ ዓለት አብዛኛው ከመሬት በታች ቀረ። ወደ ላይ የፈነዳው ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የወጣውም መስከረም 16፣ በደመራ ዕለት ነው። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በዚያው መስመር ከአሥር በላይ ሌሎች ስንጥቆች ተከተሉ።

ፍንዳታው ሲጀምር ነገሩ ይገለበጣል። ቅልጥ ዓለቱ የተጠራቀመበት ጎተራ ይጎድላልና ያበጠው መሬት ይረግባል። ብዙ ከወጣ ጣሪያው ይደረመስና ካልዴራ የሚባል ሰፊ ጎድጓዳ ይቀራል። ሃዋይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የኪላዌያ አናት ከፊሉ 500 ሜትር ገደማ ወርዷል። ከፍንዳታ በኋላም መሬቱ ወዲያው አያርፍም። የፈሰሰው ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ጎተራው ከሥር እንደገና መሙላት ከጀመረ ደግሞ እብጠቱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያበጠ ሁሉ አይፈነዳም። በስምጥ ሸለቆ ያለው አሉቶ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አብጦ መልሶ ረግቧል፤ ፍንዳታ ግን አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ተሰነጠቀ፣ ቤት ፈረሰ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሳ፤ ላቫ ግን አልወጣም። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። ስለዚህ ልኬቱ ለአፋር አርብቶ አደር የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ያለማቋረጥ ሊሠራ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ጎንደር ውስጥ «የእኛስ ተራራ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የስሜኑ እሳተ ገሞራ ከሞተ ሚሊዮኖች ዓመታት አልፈውታል። የጥንቱ መሰንጠቅ ግን ምልክቱን ትቷል። ቅልጥ ዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን ግድግዳ ይቆማል፤ ጂኦሎጂስቶች ዳይክ ይሉታል። ገደሉ ላይ አግድም የተደራረበውን ድንጋይ ሽቅብ አቋርጦ የሚያልፍ መስመር ካያችሁ፣ ዳባሁ ላይ የገባውን ዓይነት ነገር በጎኑ እያያችሁት ነው።